ባሕር የሌላት ወደብ፦ ስለ ድሬዳዋ መነሣትና መውደቅ

ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ መብራት ጠፍቶብን በየአልጋችን ተጋድመን ሳለ የወደብ ወሬ ተነሣ። አንዱ ምፅዋ አለ፣ ሌላው አሰብ አለ፣ ሌላው ጅቡቲን ጠራ። ከመካከላችን የድሬ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ፣ «አቦ፣ ድሬን የት ጥላችኋት ነው? ድሬም እኮ ወደብ ነበረች!» ቢለን ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። «በየትኛው ባሕር?» አልነው። «በደቻቱ ነዋ!» አለ ሌላው። ደቻቱን ያየ ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው። ጓደኛችን ግን አልሣቀም። «ሣቁ። አያቴ የበላው ግን የወደብ እንጀራ ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኛንም ነገሩ ከነከነን። በማግሥቱ መጻሕፍት አገላበጥን፣ የሚያውቁትን ጠየቅን፣ እርስ በርሳችንም ተከራከርን። መጨረሻ ላይ የሣቅነው እኛ ተሳስተን፣ ያኮረፈው ጓደኛችን ልክ ሆኖ አገኘነው። ያገኘነውን ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ስለታየን ይህችን ጽሑፍ አሰናድተናል። ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

መጀመሪያ ነገር፣ ወደብ ማለት ምንድን ነው? ባሕርማ በየዳርቻው አለ፤ ዳርቻው ሁሉ ግን ወደብ አይባልም። ወደብ ማለት ጭነት ካንድ ጀርባ ወርዶ ሌላ ጀርባ ላይ የሚወጣበት ቦታ ነው። ጭነት ሲወርድ አውራጅ ይፈልጋል። ወርዶ እስኪጫን መጋዘን ይፈልጋል፤ መጋዘኑ ዘበኛ፣ ዘበኛው እራት ይፈልጋል። ቀረጥ የሚቀርጥ ሹም ይመጣል፣ ገንዘብ መንዛሪው ይመጣል፣ ነጋዴው የሚያድርበት ቤት ይሠራል። እንግዲህ ወደብ የሚበላው ከጭነቱ አይደለም፤ ጭነቱ ከመቆሙ ነው። ይህን ከያዝን የድሬዳዋ ታሪክ ይገባናል፤ መነሣቷም መውደቋም ያለው እዚችው ነገር ላይ ነውና።

ከባቡር በፊት የምሥራቁ ንግድ በር ሐረር ነበረች። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ ከሐረር በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ቁልቁል ወደ ጀልዴሳ ይወርዳል። ጀልዴሳ ደጋው አልቆ በረሃው የሚጀምርበት ሥፍራ ናት። በቅሎ ከዚያ ወዲያ ስለማይዘልቅ ጭነቱ ተፈትቶ ወደ ግመል ይዞራል፤ ግመሉ ደግሞ በረሃውን አቋርጦ ዘይላ ያደርሰዋል። ዘይላ ላይ ከግመል ወደ ጀልባ ነው። ስለዚህ ጀልዴሳም በአቅሟ ወደብ ነበረች ማለት ነው፤ የበቅሎና የግመል ወደብ። ዛሬ ጀልዴሳን ማን ይጠራታል? ዘይላንስ? ሁለቱንም የበላቸው ያው ባቡር ነው። ድሬዳዋ የተወለደችው ሌሎች ወደቦች ሲሞቱ መሆኑን አንርሳ፤ በኋላ በሷም ላይ የደረሰው ይኸው ነውና።

ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ በኩል ሥራው በ1890 ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። ይሁንና ሐረር ያለችው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ከፍ ብሎ ባለ ተራራ ላይ ነው። ሐዲድ እንደ በቅሎ ገደል አይወጣም፤ ዙሪያ ጥምጥም፣ ድልድይ፣ ዋሻ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ነው። ኩባንያው ገና በረሃውን ሳይጨርስ ካዝናው መራቆት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ከተራራው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ለማለፍ ተወሰነ። ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ ሜዳ ደረሰ። ያ ሜዳ ነው እንግዲህ ድሬዳዋ። በጊዜው «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጥቶላት ነበር፤ ሕዝቡ ግን የቦታውን ስም አልተወም።

አስተውሉ እንግዲህ፦ ጎንደር በቤተ መንግሥት ተቆረቆረች፣ አክሱም በነገሥታት፣ ሌላው ከተማ በገበያ ወይም በደብር። ድሬዳዋ ግን የተቆረቆረችው የአንድ ኩባንያ ገንዘብ ተራራ መውጣት ሲያቅተው ነው። ይህን ስንል ለማሳነስ አይደለም፤ ድሬዎች እንዳይቀየሙን።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የፖለቲካ ጣጣ ነው። በ1894 የፈረንሳይ መንግሥት ኩባንያውን ለመርዳት ውል ተዋውሎ ስለነበር ሐዲዱ ቀስ በቀስ የነጋዴ ንብረት መሆኑ ቀርቶ የቅኝ ገዥ መንግሥት እጅ መሰለ። ምኒልክም ይህን ሲሰሙ ቅር ተሰኙ፤ «መንገድ ፈቀድን እንጂ አገር አልሰጠንም» ዓይነት ነገር መሆኑ ነው። እንግሊዝና ጣሊያንም ፈረንሳይ ብቻዋን እንዳትበላ ብለው ጣልቃ ገቡ። በዚህ ንትርክ ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ቀረ። ታኅሣሥ 1899 ሦስቱ መንግሥታት ለንደን ላይ ሲፈራረሙ ስለ ባቡሩም ተስማሙ። ያ ሁሉ ስምምነት ሲደረግ የአገሩን ባለቤት ማንም አልጠየቀ! የመጀመሪያው ኩባንያም ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ቪታልያን ተሰጥቶ አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ። ሥራው እንደገና ተጀምሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ለድሬዳዋ ግን ያ የንትርክ ዘመን የሠርግ ዘመን ነበር። ሐዲዱ እዚያ ስላለቀ ጭነቱም እዚያ ይወርዳል። ከጅቡቲ የመጣው አቡጀዲ፣ ጨው፣ የጦር መሣሪያና ዕቃ ከፉርጎ ወርዶ ለግመልና ለበቅሎ ይሰጣል። ከሐረርጌ ደጋ፣ ከአርሲ፣ ከሸዋ የመጣው ቡናና ቆዳ ከከብት ጀርባ ወርዶ ፉርጎ ይገባል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ ዐረብ ሱቁን ከፈተ። ሶማሌው ግመሉን፣ ኦሮሞው እህልና ወተቱን፣ አደሬው ያባቶቹን የንግድ ጥበብ፣ ጉራጌውና አማራው ጉልበቱንና ብልሃቱን ይዞ መጣ። ሁሉም መጤ በሆነበት አገር «መጤ» የሚል ስድብ አያስኬድም። ድሬዳዋ ውስጥ ሕፃኑ ሦስትና አራት ቋንቋ እየቀላቀለ የሚያድገው አስተማሪ ቀጥረውለት አይደለም፤ ወደብ ስለሆነ ነው።

ይሁንና ነገሩን በማር ብቻ ለውሰን እንዳናቀርበው። ከተማዋን ደቻቱ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል ከዚራ አለ፦ በመሐንዲስ ገመድ የተለካ ቀጥ ያለ መንገድ፣ የጥላ ዛፍ፣ ጣቢያው፣ የኩባንያው ሹማምንት ቤት። በሌላው በኩል መጋላ አለ፦ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ገበያ፣ የሸክላና የጭቃ ቤት፣ የሠራተኛው መንደር። ድልድዩን መሻገር ቀላል ነበር፤ ከመጋላ ኑሮ ወደ ከዚራ ኑሮ መሻገር ግን ቀላል አልነበረም። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ፓሪስ ነበር። ትርፉም ውሳኔውም ወደዚያው ይሄዳል።

በ1909 ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ የድሬዳዋ ነገር ያበቃ መስሎ ነበር። ጭነቱ ከእንግዲህ ለምን ድሬ ላይ ይወርዳል? ቀጥታ ያልፋል። ወደብነቷ በዚያው ቀን መሞት ነበረበት። አልሞተም፤ ለዚህም ሁለት ምክንያት አግኝተናል።

አንደኛው ሌሊት ነው። በዚያን ዘመን ባቡሩ ቀን ቀን ብቻ ነበር የሚጓዘው። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ሚኒስትሩም ነጋዴውም የፈረንጅ ጋዜጠኛውም ድሬ ላይ ማደር ግዴታው ነበር። ያደረ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይገዛል። ስለዚህ ጭነቱ ባይቆምም ሰው ይቆም ነበር።

ሁለተኛውና ትልቁ ግን የጥገናው ቦታ ነው። ኩባንያው ትልቁን ወርክሾፕ የተከለው ድሬዳዋ ነበር። ሎኮሞቲቩ ሲታመም የሚታከመው እዚያ ነው፤ ፉርጎው የሚጠገነው፣ ብረቱ የሚቀልጠው፣ ብሎኑ የሚቆረጠው እዚያ ነው። በረሃ ላይ የቆመችው ያች ከተማ ባንዲት ትውልድ ውስጥ ቀጥቃጭ፣ ቶርኒተር፣ ማሽኒስት፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛ አፈራች። ፈረንሳይኛም ከነሱ ጋር መጋላ ገባ። «ሸመንደፈር» ሲባል ያልተማረችው እናት ሳትቀር ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ልጇን ሸመንደፈር ያስገባች እናት ልጇን የዳረች ያህል ነበር። ሸመንደፈር ማለት ደመወዝ፣ የነጻ ጉዞ፣ ጡረታ ማለት ነበርና። በአገራችን ወዛደር የሚባለው መደብ ተደራጅቶ ድምፁን ማሰማት ከጀመረባቸው ቀደምት ሥፍራዎች አንዱ ይኸው የምድር ባቡር ነው። ጓደኛችን «የወደብ እንጀራ» ያለውም ይህን መሆኑ ነው፤ አያቱ በወርክሾፑ ውስጥ ብረት ሲሞርዱ ነው ያረጁት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ይሁን፦ ድሬዳዋ መጀመሪያ የኖረችው ጭነት ስለቆመ ነበር፤ በኋላ የኖረችው ግን በልጆቿ እጅ ሙያ ነው። የመንገድ እንጀራ በአንድ ውሳኔ ይነሣል። የሙያ እንጀራ ቶሎ አይነሣም።

ቶሎ አይነሣም አልን እንጂ አይነሣም አላልንም። ጣሊያን በ1928 አገሩን ሲወር ባቡሩንም ድሬዳዋንም ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር ከአገር የወጡት በዚሁ ባቡር፣ በዚችው ከተማ በኩል ነበር። ጣሊያን የፈረንሳይን ወደብ አላምን ብሎ ከአሰብ ወደ መሐል አገር የመኪና መንገድ ጠረገ። ያን ጊዜ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ የድሬ ተቀናቃኝ የተወለደው ግን ያኔ ነው። ጣሊያን ከሄደ በኋላ በ1952 ዓ.ም. ውል የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ አክሲዮኑም ለኢትዮጵያና ለፈረንሳይ እኩል ሆነ። ደግ ነገር ነው። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ግን አሰብ ላይ ወደቡ ሰፋ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ተተከለ፤ ባለ ተሳቢው ካሚዮን ጭነቱን ከበራፍ አንሥቶ በራፍ ማድረስ ጀመረ። ባቡር ጣቢያ ድረስ ነው የሚያደርሰው፤ ካሚዮን ሱቅ ድረስ። ባቡሩ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ሰኔ 1969 ጅቡቲ ነጻነቷን አገኘች፤ በዚያው ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን አልፎ እስከ ድሬዳዋ ደረሰ። ነሐሴ 1969 ከተማዋ ደጃፍ ላይ ውጊያ ሆነ። ከተማዋ አልተያዘችም፤ ድልድዮቹ ግን ፈርሰው ሐዲዱ ለአንድ ዓመት ያህል ተዘጋ። አንድ ዓመት ለነጋዴ ረዥም ነው፤ ሌላ መንገድ ለመልመድ ይበቃዋል። በ1973 ባቡሩ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ድርጅት ሆነ፤ ሐዲዱና ድልድዩ ግን ያው ያረጀው ነበር። ጥር 1977 ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ የነበረው ባቡር አዋሽ አካባቢ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ድሬ ውስጥ ያን ሰሞን ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር አልነበረም ይባላል።

ትልቁ ንግድ ሲሸሽ ትንሹ ንግድ ባቡሩ ላይ ተሳፈረ። ይህን የድሬ ምዕራፍ ሳናነሣ ብናልፍ ውሸታሞች እንባላለን። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ልባሽና አዲስ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ራዲዮ፣ ሲጋራ ይዞ ይገባል። ነጋዴዋ ሰባት ቀሚስ ደርባ ትለብሳለች፤ በረሃ ላይ ሰባት ቀሚስ! ፊናንስ ሲመጣ ዕቃው ከመቀመጫ ሥር ወደ ጎረቤት ጭን፣ ከጎረቤት ወደ መስኮት ይዞራል። መንግሥት ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ የድሬ እናት ደግሞ የልጆቼ ደብተር ትለዋለች። በሕግ ፊት ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ በእኛ ፊት ግን የወርክሾፑ ደመወዝ እየሳሳ ሲሄድ ቤቱን ማን እንዳቆመው የታወቀ ነው። ወደቧ ከወንዶቹ ትከሻ ወርዳ በሴቶቹ ትከሻ ላይ ወጣች ብንል አልተሳሳትንም።

ከሁሉ የሚያስገርመን ግን በ1990 ዓ.ም. የሆነው ነው። ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። የኢትዮጵያ ጭነት ጠቅላላ ወደ ጅቡቲ ዞረ! ድሬዎች «ቀናችን መጣ» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ጅቡቲ ማለት ድሬ ማለት አልነበረችምን? ጭነቱ እውነትም በጅቡቲ መጣ። የመጣው ግን በካሚዮን፣ በጋላፊና በሚሌ በኩል አድርጎ በአዋሽ ነው። ድሬዳዋን በግራ ትቷት አለፈ። ባቡሩ ያን ሁሉ ጭነት የሚያነሣበት ጉልበት አልነበረውም፤ በደህናው ዘመን ያልታደሰ ሐዲድ በክፉ ቀን ከየት ያመጣል? በኋላ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ዕድሳት ቢጀመርም ሳያልቅ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ባቡር ቆመ። እነአፍደም፣ እነኤረር፣ እነአዲጋላ ባቡር ሲመጣ ብቻ ገበያ የሚቆምባቸው ትንንሽ ጣቢያዎች ነበሩና ዝም አሉ። እነሱም የድሬ ልጆች ነበሩ፤ እናት ስትደኸይ ልጅ ይራባል።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው መውሰዱን ሁላችንም እናስታውሳለን። የቀለድንበት አሸዋ ማለት ነው። ጓደኛችን ያን ማታ ለምን እንዳልሣቀ የገባን ይህን ስናነብ ነው፤ አፍረናልም።

መስከረም 2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ትልቅ ሥራ ነው፤ አገር የሚያኮራ ነው። ግን ሐዲዱ ስፋቱ ሌላ ነው፦ የድሮው 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ተኩል ሳንቲም። ስለዚህ የድሮው ሎኮሞቲቭ በአዲሱ ላይ አይሄድም፤ የድሮው ወርክሾፕ የአዲሱን አይጠግንም። አዲሱ ጣቢያ የተሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከዚራ መሐል ያለው አሮጌ ጣቢያ፣ ፊቱ ላይ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈበት፣ ደጁ ላይ ሰው እንደድሮው ተሰብስቦ ባቡር የማይጠብቅበት ሆነ። በ1895 ሐዲዱ ሐረርን ከተራራዋ ላይ ትቷት እንዳለፈ፣ ከ114 ዓመት በኋላ ሐዲዱ ድሬን ከመሐሏ ትቷት በዳርዋ አለፈ። ጀልዴሳ ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

ታዲያ ድሬዳዋ ሞታለች ልንል ነው? አይደለም። ፋብሪካ አለ፣ ደረቅ ወደብ አለ፤ ነሐሴ 2014 ደግሞ የነጻ ንግድ ቀጣና ተከፍቶላታል። የወደብነት ስሟ በመንግሥት ወረቀት ላይ ተመልሶ ተጽፏል ማለት ነው። ደስ ብሎናል። ፍርሃታችን ግን ሌላ ነው። ከተማዋ አንድ ጊዜ በመንገድ ብቻ ኖራ አይታዋለች፤ መንገዱ ሲዞር ምን እንደሚመጣም አይታለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሚያልፍ ኮንቴነርም የሰው ወርቅ ነው። መጋዘን ተሠርቶ ዘበኛ ብቻ ከተቀጠረ ያው የ1895ቱ ግመልና ፉርጎ ነው። ያ ለመቶ ዓመት የቆመው ወርክሾፕ ግን ሌላ ነበር፦ የመጋላው ልጅ ማሽን ፈትቶ የሚገጥምበት፣ አባት ለልጁ እጅ የሚያወርስበት ቤት። ከወደቀው ሁሉ መልሰን ልናነሣው የሚገባን እሱ ነው እንላለን። አዛውንቶቹ ማሽኒስቶች ሳያልፉ የሚያውቁትን የሚጽፍላቸው፣ የወርክሾፑን መሣሪያ ከዝገት የሚያድንላቸው ማን ነው? መሐንዲስ ለመሆን የምንማር በዚህ ግቢ ሞልተናል፤ ታሪክ የምንማርም አለን። ክረምት ሲመጣ ወደየአገራችን ከመበተናችን በፊት ጥቂት ሆነን ድሬ ወርደን ሽማግሌዎቹ አጠገብ ብንቀመጥ አንከስርም።

ይህችን ጽሑፍ ለኅትመት ከመስጠታችን በፊት ለጓደኛችን አነበብንለት። ዝም ብሎ ሰማና፣ «አያቴ ጡረታ ከወጡ በኋላም ባቡሩ ሲመጣ ሰዓታቸውን አውጥተው ያዩ ነበር። ባቡሩ ሲቆም ሰዓቱን ለእኔ ሰጡኝ» አለን። ከኪሱ አውጥቶም አሳየን። አሁንም ትሠራለች።